ባዮሜዲካል ሳይንስ ተምሬ ምን እሆናለሁ? ከምዝገባ እስከ ሥራ ማመልከቻ

«ባዮሜዲካል ሳይንስ ልማር አስቤያለሁ፤ ስጨርስ ምንድን ነው የምሆነው?» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። አንዱ ሐኪም የሚሆን ይመስለዋል። ሌላዋ የሆስፒታል ማሽን የምትጠግን ይመስላታል። ማይክሮስኮፕ ላይ እንዳቀረቀረ የሚያረጅ ሰው የሚታየውም አለ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዙልኝ። ይህ ዲግሪ በራሱ የሙያ ፈቃድ አይደለም። ጤናማ አካል እንዴት እንደሚሠራና በሽታ እንዴት እንደሚያበላሸው ያስተምራል። ከዚያ በኋላ ብዙ በሮች አሉ፤ እያንዳንዱ በር ግን የራሱ ቁልፍ አለው። ቁልፎቹ የሚሠሩት ደግሞ ተማሪ እያላችሁ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- እጅጌው ረጅም የሆነ የጥጥ ጋውን። ናይለን ያለበት ጨርቅ እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።
- የላቦራቶሪ (በአጭሩ ላብ) መከላከያ መነጽርና እግርን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጫማ። የማየት ችግር ያለበት ሰው የራሱን መነጽር አድርጎ መከላከያውን ከላይ ይደርባል።
- ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር። ገጾቹን ራሳችሁ ቁጥር ስጧቸው። ቅጠሉ የሚገነጠል ደብተር አይሆንም።
- እስክሪብቶና አልኮል የማያጠፋው ማርከር። ቱቦ ላይ የጻፋችሁት በአልኮል ከጠፋ ናሙናው የማን እንደሆነ አይታወቅም።
- ሎጋሪዝም የሚሠራ ካልኩሌተር።
- መካከለኛ አቅም ያለው ላፕቶፕ። አር ለስታቲስቲክስ፣ ኢሜጅጄ ለምስል ልኬት፣ ዞቴሮ ለጽሑፎች ማደራጃ፣ አንኪ ለጥናት ካርድ ይጫኑበት። አራቱንም ኮምፒውተር ላይ በነጻ ታገኛላችሁ።
- አንድ ጥሩ የፊዚዮሎጂ መጽሐፍ። ያለፈው እትም ይበቃል።
- የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ማስረጃ። የሰው ደም የሚነካባቸው ላቦች ብዙውን ጊዜ ይጠይቁታል። በተለመደው አሰጣጥ 3 ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 6 ወር ይፈጃል። ኢንተርንሺፕ ሲደርስ ብትሮጡ አይደርስላችሁም።

ደረጃ 1፦ ሦስቱን ተመሳሳይ ስሞች ለዩ

ባዮሜዲካል ሳይንስ የሰውነትንና የበሽታን አሠራር ያጠናል። የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ደምን፣ ሽንትንና ሌሎች ናሙናዎችን መመርመር ላይ ያተኩራል፤ በብዙ አገሮች በቀጥታ ወደ ሙያ ፈቃድ የሚያደርሰውም እሱ ነው። ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ደግሞ የሕክምና መሣሪያዎችን መንደፍና መጠገን ነው፤ ሒሳቡና ፊዚክሱ ይበዛል።

ለምን ይጠቅማል? ስሙን ብቻ አይቶ የተመዘገበ ተማሪ ስህተቱ የሚገባው አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። የዲግሪው ስምም ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። አንዱ ጋ «ባዮሜዲካል ሳይንስ» የተባለው ሌላው ጋ «የሕክምና ሳይንስ» ይባላል። ስለዚህ ስሙን ትታችሁ የኮርሶቹን ዝርዝር እዩ።

ደረጃ 2፦ ካሪኩለሙን እንደ ውል አንብቡት

ዝርዝሩን አውጡና እነዚህን ፈልጉ፦ ባዮኬሚስትሪ፣ ፊዚዮሎጂ፣ የሴል ባዮሎጂ፣ ጄኔቲክስ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኢሚዩኖሎጂ፣ ፋርማኮሎጂ፣ ፓቶሎጂ፣ ስታቲስቲክስ። እነዚህ የማዕዘን ድንጋዮች ናቸው። ከመካከላቸው ሁለት ሦስቱ ከጎደሉ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ለትምህርት ክፍሉ ሦስት ጥያቄ አቅርቡ፦

ሀ. በሴሚስተር ስንት ሰዓት ላብ አለ? በቡድን ስንት ተማሪ ይሠራል? ስምንት ተማሪ በአንድ ፒፔት (የፈሳሽ መቅጃና መለኪያ) ከሆነ ስድስቱ ተመልካች ናቸው።

ለ. ኢንተርንሺፕ አለ? ቦታውን የሚፈልገው ትምህርት ክፍሉ ነው ወይስ ተማሪው?

ሐ. ዲግሪውን የሚያውቀው የሙያ አካል የትኛው ነው?

ሦስተኛውን አትዝለሉት። ብሪታንያን ብንወስድ «ባዮሜዲካል ሳይንቲስት» በሕግ የተጠበቀ የሙያ መጠሪያ ነው። በዚያ ስም ለመሥራት በጤናና እንክብካቤ ሙያዎች ምክር ቤት መመዝገብ ግድ ይላል። ለመመዝገብ የተለመደው መንገድ ደግሞ የባዮሜዲካል ሳይንስ ኢንስቲትዩት እውቅና የሰጠው ዲግሪና በጸደቀ ላብ ውስጥ የተሠራ የሥልጠና ማስረጃ ነው። እውቅና የሌለው ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ተጨማሪ ኮርሶች ሊታዘዙበት ይችላሉ። በአሜሪካ ግን ሁኔታው ሌላ ነው፤ ብዙ ተማሪ ይህን ዲግሪ የሚይዘው ለሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ እንዲሆነው ነው። ወደፊት ልትሠሩበት የምታስቡት አገር ሕግ ምን እንደሚል ከመመዝገባችሁ በፊት ፈትሹ።

ደረጃ 3፦ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ኬሚስትሪውንና ሒሳቡን አድሱ

ተማሪ የሚወድቀው ባዮሎጂ ከብዶት ይመስላችኋል? እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ የወደቁት ፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ነገር ጥንካሬ ማስላት አቅቷቸው ነው። ሞል፣ ሞላሪቲ፣ የመለኪያ ቅያሬ፣ ሎጋሪዝም፤ እነዚህን እስክትሰለቹ ሥሩ።

ሎጋሪዝም ለምን? የደም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ7.35 እስከ 7.45 ነው። ከ7.4 ወደ 7.1 ወረደ ሲባል 0.3 ብቻ ነው፣ ኢምንት ይመስላል። ፒኤች ግን የሎጋሪዝም ሚዛን ነው። 0.3 መውረድ ማለት የሃይድሮጂን አዮን መጠን በእጥፍ ጨመረ ማለት ነው። ይህ ያልገባው ተማሪ የታመመውን ሰው ውጤት «ትንሽ ዝቅ ብሏል» ብሎ ያልፈዋል።

ደረጃ 4፦ አትሸምድዱ፤ ሰንሰለት ሥሩ

የመጀመሪያው ዓመት ቃል ይበዛበታል። ሃንድአውቱን ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ችከላ ውስጥ የሚገባ አለ፤ ፈተናውንም ያልፍ ይሆናል። ችግሩ 3ኛ ዓመት ላይ ነው። እዚያ የሚጠየቀው «ይህ ቢቋረጥ ምን ይከተላል?» የሚል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባዶ ወረቀት ውሰዱ። መጽሐፉን ዝጉ። አንዱን ክስተት ጻፉና «ከዚያስ?» እያላችሁ ቀጥሉ። ለምሳሌ የደም ግፊት ወረደ። ኩላሊት ሬኒን የሚባል ኢንዛይም ያመነጫል። ሬኒን አንጂዮቴንሲኖጅንን ቆርጦ አንጂዮቴንሲን 1 ያደርገዋል። ኤሲኢ የሚባለው ኢንዛይም ደግሞ ወደ አንጂዮቴንሲን 2 ይቀይረዋል። እሱ የደም ሥሮችን ያጠባል፤ አልዶስቴሮን የሚባል ሆርሞን እንዲመነጭም ያደርጋል። አልዶስቴሮን ሶዲየምን ያስቀራል፣ ፖታሲየምን ወደ ሽንት ያስወጣል። ውኃ ሶዲየምን ተከትሎ ይቀራል። ግፊቱ ይመለሳል።

አሁን ሰንሰለቱን በጥሱት። ኤሲኢን የሚያግድ መድኃኒት ብንሰጥስ? ግፊት ይወርዳል። አልዶስቴሮን ስለሚቀንስ ፖታሲየም ሊጨምር ይችላል። ኤሲኢ ብራዲካይኒን የሚባለውን ነገርም ስለሚያፈርስ፣ ሲታገድ ብራዲካይኒን ይከማቻል፤ መድኃኒቱን የሚወስዱ አንዳንድ ሰዎችን ደረቅ ሳል የሚያስቸግራቸው በዚህ ምክንያት ነው ተብሎ ይታመናል። አያችሁ? በአንድ ወረቀት ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ፋርማኮሎጂና የላብ ውጤት ተገናኙ። በሳምንት እንዲህ ያሉ ሁለት ሰንሰለቶች ከሠራችሁ ለፈተና የምትቸክሉት ነገር በጣም ይቀንሳል።

ስም ብቻ የሆነውን ነገር ለአንኪ ተዉት። የረሳችሁትን ካርድ ቶሎ ቶሎ፣ ያወቃችሁትን አልፎ አልፎ ያመጣላችኋል። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። ዘልላችሁ ዘልላችሁ እሑድ ሦስት ሰዓት ብትቀመጡ ግን ፋይዳ የለውም።

ደረጃ 5፦ እጃችሁን አሠልጥኑ

ቀጣሪ የሚለካችሁ እዚህ ነው። መጀመሪያ ማይክሮፒፔት።

1. ትክክለኛውን ምረጡ። ፒ 20 ከ2 እስከ 20 ማይክሮሊትር፣ ፒ 200 ከ20 እስከ 200፣ ፒ 1000 ከ100 ወይም ከ200 እስከ 1000 ድረስ ይለካል። ከጣሪያው በላይ አታዙሩት፤ ውስጡ ይበላሻል።

2. መስኮቱን ሁለት ጊዜ አንብቡ። በብዙ ሥሪቶች ላይ ሦስት አኃዝ ብቻ ነው የሚታየው። «020» የሚለው በፒ 20 ላይ 2 ማይክሮሊትር ነው። በፒ 200 ላይ 20 ነው። በፒ 1000 ላይ 200 ነው። እኔ 2ኛ ዓመት ሆኜ 2 የነበረውን 20 አድርጌ፣ የአንድ ሳምንት የፒሲአር (ዲኤንኤ የማባዣ ዘዴ) ሥራ ገደል ገብቶብኛል። ጥፋቱን ያገኘሁትም እንደገና አራት ቀን ከለፋሁ በኋላ ነው።

3. ጫፉን ፈሳሹ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ቁልፉን እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ተጫኑ። ከዚያ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ አስገቡና ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ቶሎ ከለቀቃችሁት አየር ይገባል፤ ልኬቱ ያንሳል።

4. ስታፈሱ ጫፉን የቱቦው ግድግዳ ላይ አስነኩ። እስከ መጀመሪያው፣ ከዚያ እስከ ሁለተኛው ማቆሚያ ተጫኑ። ሁለተኛው የተረፈችውን ጠብታ ይገፋል። ስትቀዱ ግን ሁለተኛው ማቆሚያ ድረስ ከተጫናችሁ ከሚገባው በላይ ትቀዳላችሁ። የጀማሪ ሁሉ ስህተት ይህ ነው።

ራሳችሁን ለመፈተን ውኃና ሚዛን ይበቃል። 100 ማይክሮሊትር ውኃ 0.1 ግራም ያህል ይመዝናል። አሥር ጊዜ ቅዱ፣ አሥር ጊዜ መዝኑ። ቁጥሮቹ እርስ በርስ ከተራራቁ ችግሩ የእጃችሁ ነው። ሁሉም ተቀራርበው ከ0.1 ግን ከራቁ፣ ፒፔቱ መስተካከል ይፈልጋል።

ቀጥሎ ማቅጠን። ቀመሩ አንድ ነው፦ የመነሻው ጥንካሬ ሲባዛ በመነሻው መጠን፣ ከመጨረሻው ጥንካሬ ሲባዛ በመጨረሻው መጠን ጋር እኩል ነው። በሚሊሊትር 10 ሚሊግራም የሟሟበት ፈሳሽ አላችሁ እንበል። የምትፈልጉት በሚሊሊትር 0.2 ሚሊግራም የሆነ 5 ሚሊሊትር ነው። 0.2 ሲባዛ በ5፣ ሲካፈል ለ10፣ 0.1 ሚሊሊትር ይሆናል። ማለትም 100 ማይክሮሊትር ከመነሻው፣ 4.9 ሚሊሊትር ማቅጠኛ። ብዙዎች 5 ሚሊሊትር ማቅጠኛ ይጨምራሉ። ያኔ ድምሩ 5.1 ሆነ፤ ጥንካሬውም ከታሰበው አነሰ።

ሌሎቹ ዘዴዎች በዚህ ላይ ይገነባሉ፦ የግራም ቀለም ቅብ (ባክቴሪያን በቀለም መለየት)፣ ኤላይዛ (በፀረ እንግዳ አካል የሚሠራ ምርመራ)፣ ጄል ኤሌክትሮፎረሲስ (ዲኤንኤን ወይም ፕሮቲንን በመጠን መለየት)፣ ፒሲአር፣ ሴል ማሳደግ። የሁሉንም ሊቅ መሆን አይጠበቅባችሁም። ሁለቱን ግን ማንም ሳያግዛችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መሥራት ቻሉ።

ማስጠንቀቂያ

- ፈሳሽ በአፍ አትሳቡ። አሁንም የሚያደርግ አለ።
- የሰውን ደም ሁሉ ተላላፊ በሽታ እንዳለበት ቁጠሩት። የተጠቀማችሁበትን መርፌ ክዳኑን መልሳችሁ አትክደኑ፤ ወዲያው ወደ ስለታም ዕቃ ማስወገጃው ጣሉት። ብዙ መወጋት የሚደርሰው ስትከድኑ ነው።
- አሲድን ወደ ውኃ ጨምሩ እንጂ ውኃን ወደ ጠንካራ አሲድ አትጨምሩ። ሙቀቱ ፈሳሹን ወደ ፊት ይረጨዋል።
- በረኪናን ከአሲድ ጋር አትቀላቅሉ። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል።
- ሴንትሪፉጅ ውስጥ ቱቦዎችን ፊት ለፊት እኩል ክብደት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ካልተመጣጠነ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ ሊሰበርም ይችላል።
- ፈሳሽ ናይትሮጅንን በተዘጋ ክፍል አትክፈቱ። ሲተን የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሽታ የለውም፤ ሰው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል።
- በጓንት ስልክ አትንኩ። ጓንቱ እናንተን ጠብቆ ስልኩን ከመረዘው፣ ማታ ጉንጫችሁ ላይ የምታደርጉት እሱን ነው።

ደረጃ 6፦ የላብ ደብተር በሥርዓት ያዙ

ቀን፣ ዓላማ፣ የተጠቀማችሁበት ሬጀንት (ለሙከራው የሚውል ኬሚካል) መለያ ቁጥር፣ የሠራችሁት፣ ያያችሁት። ስትሳሳቱ በአንድ መስመር ሰርዙና ቀንና ፊርማ አስቀምጡ። አትፋቁ፣ በነጭ ቀለም አትሸፍኑ። ምክንያቱም የተሰረዘው ቁጥር ትክክለኛው ሆኖ የሚገኝበት ቀን አለ። ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ «በኋላ እገለብጠዋለሁ» ማለትም አይሠራም፤ ወረቀቱ ከጋውኑ ጋር ይታጠባል።

መድኃኒት ፋብሪካና የምርመራ ላብ ውስጥ ሕጉ ይኸው ነው። አሁን ከለመዳችሁት ያኔ አዲስ አይሆንባችሁም።

ደረጃ 7፦ ስታቲስቲክስን አትሽሹ

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ ምርመራ ከታመሙት 90 በመቶውን ያገኛል። ከጤነኞች 95 በመቶውን በትክክል «ነጻ» ይላል። በሽታው ያለበት ከመቶ አንድ ሰው ነው። ውጤቱ «አለብህ» ያለው ሰው በእርግጥ የታመመ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? ብዙ ሰው 90 በመቶ ይላል።

10,000 ሰው ውሰዱ። 100ው ታመዋል፤ ከእነሱ 90ው ይገኛሉ። ጤነኞቹ 9,900 ናቸው፤ 5 በመቶዎቹ፣ ማለትም 495 ሰዎች፣ በስህተት «አለባችሁ» ይባላሉ። በድምሩ 585 ሰው «አለብህ» ተባለ፤ በእርግጥ የታመሙት 90 ናቸው። 15 በመቶ ገደማ!

ይህን ስሌት በቃላችሁ ማስረዳት ከቻላችሁ ለላብም፣ ለጤና ጥበቃ ሥራም፣ ለመድኃኒት ሙከራም ትፈለጋላችሁ። አርን ከ1ኛ ዓመት ጀምራችሁ በትንሽ በትንሹ ተማሩ። የራሳችሁን የላብ ውጤት አስገቡበት፤ የመጽሐፍ መልመጃ ብቻ ከሆነ ቶሎ ይሰለቻል።

ደረጃ 8፦ 2ኛ ዓመት ሳያልቅ በር ምረጡ

ለምን 2ኛ ዓመት? ኢንተርንሺፕና የመመረቂያ ጥናት የሚመረጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱም ወደ መረጣችሁት በር ማዘንበል አለባቸው።

የምርመራ ላቦራቶሪ። ሄማቶሎጂ፣ የክሊኒካል ኬሚስትሪ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ የደም ባንክ፣ የሕብረ ሕዋስ ምርመራ። ብዙ አገር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ደረጃ 2ን አስታውሱ። ሥራው ማሽን ላይ ናሙና መጫን ብቻ የሚመስለው ካለ ይህን ይስማ። አንድ ሰው ደህና ሆኖ ሳለ የፖታሲየም ውጤቱ እጅግ ከፍ፣ ካልሲየሙ ደግሞ እጅግ ዝቅ ብሎ መጣ። ሐምራዊ ክዳን ያለው የደም ቱቦ ውስጥ ፖታሲየም ያለበት ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) አለ፤ ኢዲቲኤ ካልሲየምን አጥብቆ ይይዛል። ከዚያ ቱቦ ትንሽ ወደ ሌላው ከተገለበጠ ልክ ይህ ውጤት ይመጣል። የታመመው ቱቦው ነው! ይህን አይቶ «ደሙ እንደገና ይቀዳ» የሚል ባለሙያ ነው የሚፈለገው። እንዲህ ያለ ምርመራ ደስ ካላችሁ በራችሁ ይህ ነው። የሕክምና ላቦራቶሪ የጥራት ደረጃ የሆነውን አይኤስኦ 15189 ከአሁኑ አንብቡ።

ምርምር። ማስተርስና ዶክትሬት ይፈልጋል። ዶክትሬት እንደየአገሩ ከ3 እስከ 6 ዓመት፣ አንዳንዴም በላይ ይወስዳል። ቁልፉ ውጤት ብቻ አይደለም፤ አብሮ የሠራ ተመራማሪ የሚጽፍላችሁ ደብዳቤ ነው። ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር ከሚናደዱት ይልቅ ለምን እንዳልተሳካ ለማወቅ የሚጓጉት ይበረክቱበታል።

ሕክምና። ከዲግሪ በኋላ ወደ ሕክምና የሚያስገባ መንገድ ያላቸው አገሮች አሉ፤ ፉክክሩ ግን ከባድ ነው። ይህን ብቻ አስባችሁ ከገባችሁ ሁለተኛ በር ያዙ። የመግቢያ ፈተናውንና ቅድመ ሁኔታውን 1ኛ ዓመት ላይ እዩ፤ አንዳንዱ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ይጠይቃል።

የመድኃኒት ሙከራ አስተባባሪነትና ክትትል። ምዕራፍ 1 በጥቂት ሰዎች ላይ ደህንነትንና መጠንን ያያል። ምዕራፍ 2 መድኃኒቱ በታማሚዎች ላይ ይሠራ እንደሆነ ይጠይቃል። ምዕራፍ 3 ብዙውን ጊዜ በመቶዎችና በሺዎች ላይ ካለው ሕክምና ጋር ያወዳድራል። የእናንተ ሥራ እያንዳንዱ ቁጥር ከምንጩ ጋር መመሳከሩን፣ ተሳታፊዎች አውቀውና ፈቅደው መግባታቸውን ማረጋገጥ ነው። የመልካም ክሊኒካዊ አሠራር አጭር ሥልጠና በኢንተርኔት ይሰጣል፤ ሲቪ ላይ ክብደት አለው።

የመድኃኒት ጥራት ቁጥጥርና የምዝገባ ሰነድ ሥራ። ሰነድ የማይሰለቸው ሰው ይፈልጋል። የላብ ደብተራችሁ ንጹሕ ከሆነ ግማሹን ታውቁታላችሁ።

ባዮኢንፎርማቲክስ። የዘረመልና መሰል መረጃን በኮምፒውተር መተንተን ነው። ፓይተን፣ ሊኑክስ፣ አር። ማስተርስ ይጠቅማል። ብላስት የሚባለውን የቅደም ተከተል ማነጻጸሪያ በነጻ ከፍታችሁ አንድ ጂን ፈልጉበት፤ ሰዓቱ ሳይታወቃችሁ ከሄደ ምልክት ነው።

ሌሎችም አሉ፦ የኅብረተሰብ ጤና፣ የዘረመል ምክር፣ ማስተማር፣ የሳይንስ ጽሑፍ፣ ለላብ መሣሪያ አቅራቢዎች የቴክኒክ ድጋፍ መስጠት። የመጨረሻውን ተማሪ አያስበውም። መሣሪያውን የሚያውቅና ሰው ማናገር የሚችል ግን ቶሎ ሥራ ያገኛል።

ደረጃ 9፦ ኢንተርንሺፕ በጽሑፍ ጠይቁ

ለ40 ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ መላክ ጊዜ ማባከን ነው። አምስት ላብ ምረጡ። የእያንዳንዱን የቅርብ ጊዜ ሥራ ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጥናቶች ማውጫ ላይ ፈልጋችሁ ቢያንስ ማጠቃለያውን አንብቡ። ከዚያ እንዲህ ጻፉ፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የባዮሜዲካል ሳይንስ የ2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መድኃኒት ስለተላመዱ ባክቴሪያዎች የሠሩትን ጥናት አንብቤ አንድ ጥያቄ ፈጥሮብኛል፦ ናሙናዎቹ ከመመርመራቸው በፊት ለምን በቅዝቃዜ እንዲቆዩ ተደረገ? በክረምቱ 8 ሳምንት ላብዎ ውስጥ ለመሥራት ፈቃድዎን እጠይቃለሁ። ባክቴሪያ ማሳደግና የግራም ቀለም ቅብ ብቻዬን እሠራለሁ። የውጤት ወረቀቴን አያይዣለሁ። ስለ ጊዜዎ አመሰግናለሁ።»

አጭር ነው፤ ጥያቄ አለው፤ የምትችሉትን ይናገራል። መልስ ካልመጣ ከ10 ቀን በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱ። ከዚያ በላይ አትጨቅጭቁ። ገብታችሁ የመጀመሪያውን ሳምንት ብርጭቆ ስታጥቡ ብትውሉ አይክፋችሁ፤ የምትታመኑ መሆናችሁ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ደረጃ 10፦ የመመረቂያ ጥናቱን አጥብቡ

«የካንሰር መድኃኒት ማግኘት» ርዕስ አይደለም። «ይህ ውሕድ የዚህን ሴል ዕድገት በ48 ሰዓት ውስጥ ይቀንሳል ወይ?» ርዕስ ነው። ጠባብ ጥያቄ በጊዜው ያልቃል፤ መልሱ «አይቀንስም» ቢሆን እንኳ ይጻፋል።

ኮንትሮል (ማነጻጸሪያ) አትርሱ። ፒሲአር ላይ ዲኤንኤ ያልገባበት፣ ውኃ ብቻ ያለበት ቱቦ አብሮ መሠራት አለበት። እሱ ውስጥ ውጤት ከታየ ብክለት አለ፤ ሌላውም ውጤት አይታመንም። አማካሪ ስትመርጡ ከስሙ ይልቅ ጊዜውን እዩ። ያለፉ ተማሪዎቹን «በስንት ቀን ይመልስላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 11፦ ሲቪውን በግሥ ጻፉ

«ስለ ፒሲአር እውቀት አለኝ» ምንም አይናገርም። «60 ናሙና ላይ ፒሲአር ሠርቻለሁ፤ ፕራይመሮቹን ራሴ መርጫለሁ፤ ብክለት ሲከሰት ምንጩን አግኝቻለሁ» ይናገራል። ያልሠራችሁትን አትጻፉ። ጠያቂው የላብ ሰው ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይደርስባችኋል።

ለቃለ መጠይቅ አንድ የከሸፈ ሙከራ ይዛችሁ ግቡ። ምን ጠበቃችሁ፣ ምን ሆነ፣ ምክንያቱን እንዴት አገኛችሁ፣ ምን ቀየራችሁ። ይህን የማይጠይቅ የላብ ቀጣሪ ብዙም አላጋጠመኝም።

የተለመዱ ስህተቶች

- ላብ ሪፖርት መገልበጥ። ውጤቱ ይገኛል፤ እጅ ግን ባዶ ይቀራል።
- ላብ ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ መቅረት። በቡድን ስትሠሩ ሚና ተለዋወጡ። ጽሑፋችሁ ስላማረ ሁሌ እንድትጽፉ ካደረጓችሁ እምቢ በሉ።
- ፒ እሴት (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ የባሰ ውጤት በአጋጣሚ የመታየት ዕድል) ከ0.05 በታች ሆነ ማለት ግኝቱ ትልቅ ነው ብሎ ማሰብ። ብዙ ናሙና ካለ ኢምንት ልዩነትም ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል። የልዩነቱን መጠን አብራችሁ ጻፉ።
- ውጤት ሲበላሽ ሬጀንቱን መውቀስ። መጀመሪያ ስሌቱን፣ ቀጥሎ ፒፔቱን፣ ከዚያ የአገልግሎት ዘመኑን፣ በመጨረሻ ማሽኑን ፈትሹ።
- የድጋፍ ደብዳቤ በማመልከቻው ማብቂያ ዋዜማ መጠየቅ። ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ጠይቁ። ሲቪያችሁን፣ የምታመለክቱበትን ቦታና አብራችሁ የሠራችሁትን ሥራ በአንድ ገጽ አያይዙላቸው፤ መምህራችሁ ከሁለት ዓመት በፊት የሠራችሁትን አያስታውሱትም።